የሚያድን መድኃኒት ሲያስቸግር፤ የደም ብዛትና የማይግሬን ሕክምና በጀልዴሳ ቆላ

ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ የኢሳን በረሃ እያቋረጠ ወደ ሐረር ይወጣ የነበረው የጥንቱ የሲራራ ጎዳና፣ ቆላውን ጨርሶ ወደ ተራራው ሊያቀና ሲል ግመሉ ሸክሙን አራግፎ ለበቅሎና ለአህያ የሚያስረክብባት፣ ግብፆችም ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው በቆዩበት ዘመን ወታደር ያሰፈሩባት ሥፍራ ጀልዴሳ ናት። በ1883 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ቢሳነው በቃሬዛ ተጭኖ ከሐረር ወደ ዘይላ የወረደው በዚሁ መንገድ፣ በጀልዴሳ በኩል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሕሙም ሐኪም ያገኝ ዘንድ ባሕር መሻገር ነበረበትና። በ1895 ዓ.ም. ምድር ባቡር ድሬዳዋ ደርሶ ንግዱን ወደ ራሱ ከሳበ ወዲህ የጀልዴሳ የገበያ ዝና እየቀዘቀዘ ቢሄድም፣ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች፣ ሶማሌውና ኦሮሞው ተጎራብቶ የሚኖርባት፣ ጤና ጣቢያም ያላት የገጠር መንደር ናት። ሕመም የጸናበትም ወደ ከተማው፣ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ይሄዳል። እንግዲህ የዛሬው ችግር ሐኪም ማጣት ብቻ አይደለም፤ ከሐኪም እጅ የተቀበሉትን ክኒን ይዞ ወደዚያ ሞቃት ቆላ ከተመለሱ በኋላ፣ ክኒኑ በሰውነት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለሕመምተኛው ማን ያስረዳዋል የሚለው ነው።

የደም ብዛት ከሌላው ደዌ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በአብዛኛው ሰው ላይ ሳያስቃትት፣ ምግብና እንቅልፍ ሳይከለክል ለብዙ ዓመት አብሮ ይኖርና፣ የልብን፣ የኩላሊትን፣ የዓይንንና የአንጎልን ሥሮች በስውር ሲጎዳ ቆይቶ፣ አንድ ቀን በድንገት በሽባነት ወይም በልብ ድካም መገለጡ ነው። መድኃኒቱ ግን እንዲህ ዝምተኛ አይደለም፤ ገና በተጀመረበት ሰሞን እግር ሊያሳብጥ፣ ሊያስል፣ ወይም ሌሊት ሌሊት ለሽንት ሊያመላልስ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ሁለቱን በስሜቱ ቢመረምራቸው፣ ሕመሙ ጤና፣ መድኃኒቱ ደግሞ ሕመም መስሎ ቢታየው ሊፈረድበት አይገባም። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ100 ወደ 16 የሚጠጉት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ ብዙዎቹም ከዚያ በፊት ከቶ ተለክተው አለማወቃቸውን ስናስብ፣ ተለክቶ፣ ታውቆ፣ ሕክምና የጀመረ አንድ ሰው በቁርጭምጭሚት እብጠት ምክንያት ክኒኑን ጥሎ መቅረቱ ምን ያህል ከባድ ጉዳት እንደ ሆነ ይገባናል። የጎንዮሽ ጉዳት ሲመጣ የሚገባው ነገር መድኃኒቱን በስውር መተው ሳይሆን፣ መድኃኒቱን ላዘዘው ባለሙያ ገልጦ መናገር ነው፤ ከሞላ ጎደል ለእያንዳንዱ ችግር ሌላ መድኃኒት፣ ወይም ሌላ መጠን፣ ወይም ሌላ ሰዓት ይገኝለታልና።

በአገራችን ለደም ብዛት በብዛት ከሚታዘዙት መካከል አምሎዲፒን የሚባለው አንዱ ነው። የሚሠራውም የደም ወሳጅ ሥሮችን ጡንቻ በማላላት ነው፤ ሥሩ ሲሰፋ ግፊቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ደሙን ወደ ቀጫጭኖቹ ሥሮች የሚያስገባው በር ሲከፈት፣ የሚያስወጣው በር እንደ ነበረ ስለሚቀር፣ በመካከል የሚፈጠረው ጫና ከደሙ ውሃ ጥቂት ጥቂቱን ወደ ሥጋው ያሾልካል፤ ውሃውም በክብደቱ ወደ ታች ወርዶ በቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል። በጀልዴሳ ሙቀት ደግሞ ሰውነት ራሱን ሊያበርድ ሲል ሥሮቹን ስለሚያሰፋ፣ በገበያ ቆማ የዋለች ሴት ወይም ከመንጋው ኋላ ሲጓዝ የዋለ እረኛ ማታ ላይ እግሩ አብጦ ጫማ ቢጠበው የሚያስደንቅ አይደለም። እብጠቱን ያየ ሰው ኩላሊቴ ታመመ ብሎ መደንገጡም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ እብጠት ከኩላሊት የመጣ አይደለም፤ ውሃና ጨው በሰውነት ከመብዛቱም የተነሣ ስላልሆነ፣ የሚያሸና ክኒን መጨመር ብዙ አይረዳውም። የሚረዳው መጠኑን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 ማውረድ፣ ወይም የሚያስወጣውን በር ጭምር የሚከፍተውን እንደ ኢናላፕሪል ያለውን መድኃኒት አብሮ ማዘዝ፣ አለዚያም ፈጽሞ መለወጥ ነው፤ ይህንም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሕመምተኛው በቤቱ ሊያደርግ የሚችለው ቀን በዕረፍት ጊዜ እግሩን ከፍ አድርጎ መጋደም ነው። አንድ እግር ብቻ ያበጠ እንደ ሆነ፣ ወይም እብጠቱ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ቢመጣ፣ ወይም ፊት ላይ ቢወጣ ግን ነገሩ ከአምሎዲፒን ሌላ ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን መታየት ያስፈልጋል።

ይኸው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ሊያሳምምና ፊትን ሊያግል ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ማይግሬን ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ሕመሙ የተነሣበት መስሎት ክኒኑን ይጥላል። ደግሞም አምሎዲፒን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለ ሆነ፣ የተወው ሰው በማግስቱ ምንም ክፉ ነገር አያይም፤ እንዲያውም እብጠቱ ይጎድልለታል፤ ግፊቱ ተመልሶ የሚወጣው ከቀናት በኋላ፣ ሰውየው «ያለ መድኃኒት ደኅና ነኝ» ብሎ ልቡ ካረፈ በኋላ ነው።

ኢናላፕሪል የተገኘበት ታሪክ የሚያስገርም ነው። በብራዚል አገር ጃራራካ የሚባል መርዛም እባብ የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ ይወርድ ነበርና፣ ሰርጂዮ ፌሬራ የሚባለው የዚያ አገር ሊቅ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእባቡ መርዝ ውስጥ ያለውን ኃይል መረመረ፤ ከዚያም ምርምር የተነሣ ካፕቶፕሪል የተባለው መድኃኒት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሕክምና ተፈቀደ፤ ኢናላፕሪልም የእርሱ ተከታይ ነው። ሁለቱም የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር እንዳይፈጠር የሚከለክሉ ናቸው፤ ይሁንና የሚያግዱት ያው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባለውንም ንጥረ ነገር የሚያፈርስ ስለ ነበረ፣ እርሱ ሳይፈርስ ይቀርና በመተንፈሻ አካል እየተጠራቀመ ጉሮሮን ይኮረኩራል። ደረቅ፣ አክታ የሌለው፣ ሌሊት የሚብስ ሳል ከ10 ተጠቃሚ አንዱን ያህል ያገኘዋል፤ በሴቶችም ላይ ይበዛል። ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ የቆየ ሳል በአገራችን የሕክምና መመሪያ ለሳንባ ነቀርሳ እንዲመረመር ስለሚያዝ ምርመራው ይገባል፤ ግን አክታውን የሚቀበለው ባለሙያ ሕመምተኛው ምን ክኒን እንደሚውጥ ካልጠየቀ፣ ሕመምተኛውም ካልተናገረ፣ አንድ ሰው ባልያዘው በሽታ ምርመራ ሲመላለስ ወራት ያሳልፋል። መድኃኒቱ ሲቆም ሳሉ በአራት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይተዋል፤ በምትኩ ሎሳርታን የሚባለው ቢታዘዝ ያው ሥራ ያለ ሳል ይሠራል።

በኢናላፕሪል ወገን ያሉት መድኃኒቶች ግን አልፎ አልፎ ከሳል የከፋ ነገር ያመጣሉ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ በድንገት ካበጠ መተንፈሻ ሊዘጋ ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሮጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ጉዳት በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌላው ይልቅ በርከት ብሎ መታየቱ የታወቀ ነው፤ አንድ ጊዜ ያገኘውም ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ወገን የሆነ መድኃኒት መውሰድ የለበትም። እርጉዝ ሴትም ኢናላፕሪልንም ሆነ ሎሳርታንን ልትወስድ አይገባትም፤ በማኅፀን ያለውን ፅንስ ይጎዳሉና። ለእርስዋ ሜቲልዶፓን የመሰለ ለዚህ የሚስማማ መድኃኒት ስላለ፣ መፀነስዋን እንዳወቀች፣ የሚሻለውም ገና ሳትፀንስ፣ ለሐኪም ትንገር።

ቆላው ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነው ግን ሃይድሮክሎሮታያዛይድን፣ ሕዝቡ የሚያሸና ክኒን የሚለውን ነው። ይህ መድኃኒት ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ እያደረገ ግፊትን ያወርዳል። የድሬዳዋ ከተማ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆና ሳለች በሰኔ ወር ሙቀትዋ 35 ዲግሪ ያህል እንደሚደርስ እናውቃለን፤ በዚህ ሙቀት ሰው በላብ ብቻ ብዙ ጨውና ውሃ ያጣል፤ ክኒኑ በኩላሊት በኩል ሌላ ሲጨምርበት ሰውነት ይደርቃል፤ የደሙ ጨውና ፖታሲየምም ይቀንሳል። ከተቀመጠበት ሲነሣ ዓይኑ የሚጨልምበት፣ ባቱ ሌሊት የሚሸማቀቅ፣ ያለ ምክንያት ጉልበቱ የሚከዳው ሰው፣ ግፊቴ ወጣ ብሎ ሌላ ክኒን ከመዋጥ አስቀድሞ ግፊቱን ተቀምጦም ቆሞም ይለካ። ከአልጋ ሲነሡ በጠርዙ ጥቂት ተቀምጦ ከዚያ መቆም፣ ውሃን ጥም ሳይጠብቁ ጥቂት በጥቂት መጠጣት፣ ብርቱካን፣ ሙዝና ፓፓያ ከመሰለ ፍሬ መብላት ይረዳል። ላብ ይተካልኝ ብሎ በሚጠጣው ሆጃና በወጡ ላይ ጨው ማብዛት ግን ክኒኑ የሠራውን ማፍረስ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘው ጊዜም ይህን መድኃኒት መውሰዱን ይቀጥል ወይስ ለጥቂት ቀን ያቁም ብሎ ባለሙያ ይጠይቅ፤ በደረቀ ሰውነት ላይ የሚያሸና ክኒን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

የሚያሸናው ክኒን ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነገር ችግር አለው። ከጀልዴሳ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ መኪና የሚጠብቅ ሰው፣ ይልቁንም ሴት፣ በመንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራት ፈርታ የጉዞ ቀን ክኒኑን ትተዋለች፤ የጉዞው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሕክምና ቀጠሮው ቀን ነውና፣ ግፊትዋ ከፍ ብሎ ሲለካ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልበቃትም ብሎ ይጨምርላታል። የሚያሸና ክኒን ኃይሉ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ስለዚህ በዘወትር ቀን ማለዳ፣ በመንገድ ቀን ግን ከተመለሱ በኋላ ቢወሰድ ችግሩ ይቃለላል። ይህን ምክር ለመስጠት የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ስለሆነ፣ አለመጠየቁ ያሳዝነኛል።

ወደ ማይግሬን ስናልፍ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ ሕመሙ ራሱ እጅግ ይጮኻል። ግማሽ ራስን እየወጋና እየመታ፣ ብርሃንና ድምፅን እያስጠላ፣ እያቅለሸለሸ፣ ከ4 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ጽኑ ደዌ ነው፤ በሴቶችም ላይ ከወንዶች ይልቅ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበዛል። ሕዝቡ ራስ ምታትን ሁሉ የደም ብዛት ምልክት አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ራሱ ሲፈልጠው የግፊት ክኒን የሚውጥ፣ ሲተወው የሚያቆም ብዙ ነው፤ ሆኖም ግፊት እጅግ ካልወጣ በቀር ራስ አያሳምምም፤ የግፊት ክኒንም የዕለት ማስታገሻ አይደለም።

ሁለቱን ሕመሞች የሚያገናኝ አንድ መድኃኒት ግን አለ፤ ስሙም ፕሮፕራኖሎል ይባላል። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ልብን ከድካም ለማሳረፍ የሠራው ይህ መድኃኒት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው፣ ለማይግሬን እንደሚጠቅም የታወቀው በአጋጣሚ ነው፤ ለልብ ሕመም ይወስደው የነበረ ሰው ለብዙ ጊዜ ያሠቃየው ማይግሬን እንደ ተወው ስለ ተናገረ ነው። እንግዲህ ሕመምተኛ የሚናገረውን ማድመጥ ምን ያህል ፍሬ እንዳለው ከዚህ እናያለን። ፕሮፕራኖሎል ጉልበት ያሳንፋል፣ እጅና እግር ያቀዘቅዛል፣ ቅዠት ያበዛል፣ የልብ ምትን ያዘገያል፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛም ስኳሩ ሲወርድ የሚሰማውን የልብ መምታት ስለሚደብቅበት ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ከሁሉ በላይ፣ በአንድ ቀን ቀጥ አድርጎ መተው አይፈቀድም፤ ልብ በድንገት ሲለቀቅ ይበረግጋልና፣ መጠኑ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መውረድ አለበት። በወንዶች ላይ የሩካቤ ድካም ሊያመጣም ይችላል፤ የእርሱ ወገን የሆነው አቴኖሎልና የሚያሸናውም ክኒን እንዲሁ። ሰው ይህን ለሚስቱም ለሐኪሙም ሳይናገር መድኃኒቱን ይተዋል፤ የደም ብዛቱ ራሱ ግን ሳይታከም ቢቀር ያንኑ ኃይል እንደሚያደክም ማንም አልነገረውም። ይህን ችግር የማያመጡ መድኃኒቶች አሉና፣ ባለሙያው አስቀድሞ ቢጠይቅ ሕመምተኛው ከእፍረት ይድናል።

ለማይግሬን መከላከያ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ በመኝታ ሰዓት ይወሰዳል፤ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ላብንም ሊቀንስ ስለሚችል በሙቀት አገር ጥላና ውሃ ይሻል። ጥቅሙ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን እንቅልፉ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ይመጣል፤ ብዙ ሰው ጉዳቱን ቀምሶ ጥቅሙን ሳያይ የሚያቋርጠውም ስለዚህ ነው።

ማይግሬኑ ከተነሣ በኋላ ለማስታገስ ስለሚወሰደው ስለ ኧርጎታሚን ደግሞ ጥቂት ማስፋት ይገባኛል። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የቅዱስ እንጦንስ እሳት የሚባል መቅሠፍት ነበር፤ ሕዝቡ እጅና እግሩ እየጠቆረ ይቆረጥ ነበር፤ በመነኮሳት አባት በእንጦንስ ስም የተሰበሰቡ ገዳማውያንም ሕሙማኑን ያስታምሙ ነበር። ምክንያቱ ኧርጎት የሚባል፣ በእህል ዛላ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነበር፤ በውስጡ ያለው መርዝ የደም ሥሮችን አጥብቆ ያኮማትራል። ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ ይህ ሻጋታ ያደረበት ሲናር የበዛበትን እህል የበላ ሕዝብ በዚሁ ደዌ እግሩን አጥቷል፤ በ1993 ዓ.ም. በአርሲም እንዲሁ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1918 አርቱር ሽቶል በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ከዚያው ሻጋታ ለይቶ ያወጣው ንጥረ ነገር ነው ኧርጎታሚን፤ ከካፌይን ጋር ተቀምሞ በማይግሬን ጊዜ የተነፉትን የራስ ሥሮች ያጠብባል። የሚያጠብበው ግን የራስን ሥር ብቻ ስላልሆነ፣ የደም ብዛት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴትም፣ ከቶ ሊወስዱት አይገባም። ጤነኛውም ቢሆን በቀን ከ6፣ በሳምንት ከ10 ሚሊግራም አያሳልፍ፤ ኢሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ከሚባሉት ፀረ ተዋስያን፣ እንዲሁም ሪቶናቪር ካለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር አይቀላቅል፤ ኃይሉን እጅግ ያበዙታልና። ጣት ሲደነዝዝ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሲገረጣ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ይህን የመሰለ መድኃኒት ግፊት ሳይለካ፣ ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ አውርዶ መስጠት ነውር ነው።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ለራስ ምታት ቀላል መፍትሔ መስለው ይታያሉ፤ ሆኖም ጨውና ውሃ እያስቀሩ ግፊትን ይጨምራሉ፤ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና ክኒን ጋር ሦስት ሆነው ሲገናኙ፣ በተለይ ሰውነቱ በሙቀት በደረቀ ሰው ላይ፣ ኩላሊትን በድንገት ሊያቆሙ ይችላሉ። ለደም ብዛት ሕመምተኛ ፓራሲታሞል ይሻለዋል። እርሱም ቢሆን በወር ከ15 ቀን በላይ ሲወሰድ፣ ኧርጎታሚን ደግሞ ከ10 ቀን በላይ፣ ማስታገሻው ራሱ የራስ ምታት ምክንያት ይሆናል።

በሐረርጌ ምድር ስለ መድኃኒት ሲነገር ጫትን መዝለል አይቻልም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፋጥናል፣ ግፊትንም ያወጣል፤ ምግብና እንቅልፍ ያስረሳል፤ ረኃብና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የማይግሬን ቀስቃሾች ናቸው። በበርጫ ቀን የተለካ ግፊት ከፍ ብሎ ሲገኝ የመድኃኒቱ መጠን ሊጨመር ይችላል፤ ሳይቅም በዋለበት ቀንም ያው የተጨመረው መጠን ራስ ሊያዞር ይችላል። በጫቱ የደረቀ አፍና ሆድ በአሚትሪፕቲሊን ይብሳል፤ ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ የሚጠጣው መጠጥ ደግሞ ከዚህ መድኃኒት ጋር እንቅልፉን ያከብዳል። ሐኪም ይህን ሁሉ ለማወቅ ሳይነቅፍና ሳይገሥጽ መጠየቅ አለበት፤ የተነቀፈ ሰው ሁለተኛ እውነቱን አይናገርም። መተው የቻለ ቢተው ለልቡ ይበጀዋል፤ ያልቻለም ቢያንስ የሚቅምበትን ሰዓትና መጠን፣ ግፊቱን ከለካበት ሰዓት ጋር ያስታውቅ።

የጾምም ነገር እንዲሁ ነው። ቁርኣንም ፍትሐ ነገሥትም ለሕሙም ከጾም ፈቃድ ሰጥተዋል፤ ሆኖም ብዙ የደም ብዛት ሕመምተኛ መጾሙን ይመርጣል፤ ግፊቱ ከተስተካከለም ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሊጾም ይችላል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱት እንደ አምሎዲፒን ያሉት ያለ ችግር ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ይዛወራሉ፤ የሚያሸናው ክኒን ከሱሁር ይልቅ ከኢፍጣር በኋላ ቢሆን ቀኑን በጥም አያቃጥልም። ምክሩ የሚጠየቀው ረመዳን ሲገባ ሳይሆን አስቀድሞ በሻዕባን ወር፣ ዐቢይ ጾምም ከሆነ ከቅበላው በፊት ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ በቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ከሱቅ የተገዛውንና ጎረቤት ያዋሰውን፣ ሽፈራውን የመሰለ ቅጠልም ቢሆን፣ ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ ይገባል። ባለሙያውም ከባድ ወይም ያልተለመደ ጉዳት ባየ ጊዜ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሚላከው ቢጫ ቅጽ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ የማምረቻውን ቁጥር፣ የተወሰደበትን ቀንና የደረሰውን ነገር ይጽፋል። የተበላሸ ወይም ሐሰተኛ መድኃኒት ወደ ገበያ የገባ እንደ ሆነ አዲስ አበባ ከምታውቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነውና፣ የጀልዴሳ ሕመምተኛ ቅጹ እንዲሞላለት ለመጠየቅ መብት አለው።